ባለመደገፊያዋ ወንበር

ሶስና ይህን ታሪክ በተናገረች ቁጥር የምትጀምረው ከወንበሯ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወንበሯማ ምን ታድርግ» ትልና ሰው ሳይስቅባት ቀድማ ራሷ ትስቃለች። እኛም ከወንበሯ ልንጀምር ነበር፤ ግን ሶስናን ሳያውቁ ስለ ወንበሯ መስማት ትርፉ ግራ መጋባት ነውና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ሶስና የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛነት ወደ ቀወት ወረዳ ስትመደብ ሁለት ወፍራም ሹራብ ይዛ ወረደች። ሁለት ሹራብ፣ ለቆላ! ሸዋሮቢት ላይ ከመኪና ስትወርድ ፊቷን የገረፋት ሙቀት የመኪናው ሞተር መስሏት ፈቀቅ አለች። ሞተሩ አልነበረም፤ አገሩ ነው። ሹራቦቹ እስከ ዛሬ ከሳጥኗ አልወጡም።

የተመደበችበት ጤና ኬላ ከጀውሃ አስፋልት ወደ ውስጥ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ በደጁ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ፤ ዙሪያው የማሾና የማሽላ ማሳ ነው። ገና ወር ሳይሞላት፣ ሰውን ስለ ወባ ልታስተምር ስትዘጋጅ እሷኑ ወባ ጣላት። ለካ ቀኑን ሙሉ አጎበር ስታድል ውላ የራሷን መስቀል ረስታ ኖሯል። ሦስት ቀን ስትንቀጠቀጥ ያስታመሟት ጎረቤቶቿ ጋሽ አሊዪና ባለቤታቸው እትዬ ዓሊያ ናቸው። እትዬ ዓሊያ አጥሚት እያፈሉ በማንኪያ ያጠጧታል፤ ጋሽ አሊዪ ደግሞ ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ኤክስቴንሽኗን እያከምናት ነው» እያሉ ያወራሉ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አሊዪ ለሶስና አባት፣ እሷም ለሳቸው ልጅ ሆነች። እትዬ ዓሊያ ሲሞቱ እንኳ ከልጃቸው ከኑርሃን እኩል ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ቢሆንም ልጅ አባቱን እንዴት እንደሚረሳ ታውቃላችሁ፤ በክፋት አይደለም፣ በሥራ ብዛት ነው።

እንግዲህ ወደ ወንበሯ። የዛሬ ሁለት ዓመት የአረጋውያን የደም ግፊት ክትትል የሚባል ሥራ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ሮቃው ሥር ይሰበሰባሉ። ሶስና በባትሪ በሚሠራው መለኪያ ትለካቸዋለች፤ ግፊቱ ከፍ ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፤ ክኒን የታዘዘለትን ትከታተላለች። በመጀመሪያው ሐሙስ ዘጠኝ ሰው መጣ። ዘጠኙም «እኔ ልቅደም» ብለው ተጣሉ። አንደኛው በዕድሜ፣ አንደኛው በመንገድ ርቀት፣ አንደኛው ደግሞ አህያው ፀሐይ ላይ ቆማበት።

ሶስና አሰበች። ማሰቧ ነው ጉድ ያደረጋት። ከሸዋሮቢት አንዲት ባለመደገፊያ ወንበር ገዛች፤ በመንደሩ ሹፌር በሀሩን ባጃጅ ጣሪያ ላይ አሳስራ አመጣችና ደንብ አወጣች። ባለፈው ሐሙስ ከሁሉም በላይ ከፍ ያለ ግፊት የተለካ ሰው በወንበሯ ይቀመጥ፤ ቀድሞ ይለካ፤ ሌላው አግዳሚው ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቅ። ሶስና በወንበሯ ከተቀመጠው ሰው አጠገብ በርጩማ ስባ ቁጭ ትልና ከቅጿ ላይ አሥራ አራት ጥያቄ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። እንዴት አደሩ? እንቅልፍ አለ? ምን በሉ? ጨው ያበዛሉ? ሐሳብ ይዞዎታል ወይ? ማን አብሮዎት አለ? ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አግዳሚው ላይ ላሉት ግን ያን ያህል ጊዜ የለምና ለክታ ቁጥሩ ደህና ከሆነ «ጎበዝ! ቀጣይ!» ትላለች። ስትላቸውም ታጨበጭባለች። ሰባ ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ፊት እንደ ሕፃናት አስተማሪ ማጨብጨቧ ትዝ ባላት ቁጥር ሶስና ዛሬም ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ግን ምን ይደረግ፣ ደንቡ ሠራ። ዘጠኝ የነበረው ሰው ሃያ ሆነ፤ ሃያው ሠላሳ አንድ ሆነ። ቁጥር ሲጨምር ለምን ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ሶስና አልጠየቀችም። ጋሽ አብዱረዛቅ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ይደርሳሉ። «ምነው ጋሼ?» ስትላቸው «እርጅና ነዋ!» ይሏታል። እውነቱ ግን ሽርጣቸውን ሰብስበው መስጊዱን ሦስት ጊዜ በሩጫ ዞረው ነው የሚመጡት። እትዬ ናፊሳ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ቡናቸው ላይ የሚጨምሩት ጨው ለአንድ ድስት ወጥ ይበቃል። ወፍጮ ቤት ሲገናኙ «መቶ ሰባ ገባሁ» «አይ፣ እኔ መቶ ሰባ አራት ነኝ» እየተባባሉ ሲፎካከሩ ሶስና በጆሮዋ ሰምታለች። ሰምታ ምን አደረገች? አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማታውኑ በሪፖርቷ ላይ «ማኅበረሰቡ ስለ ደም ግፊት ያለው ግንዛቤ በከፍተኛ ደረጃ አድጓል» ብላ ጻፈች። ከፍተኛ ደረጃ ላይስ ደርሶ ነበር፤ ያደገው ግንዛቤው ሳይሆን ግፊቱ መሆኑ ነው እንጂ።

ወንበሯን ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ የያዙት ጋሽ አሊዪ ነበሩ። የሳቸው ግን ሩጫም ጨውም የለበትም፤ የእውነት ነው፤ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር። አራት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እዚያች ወንበር ላይ ተደግፈው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው አሥራ አራቱን ጥያቄ ይመልሳሉ። አንዳንዴ አንዱን ጥያቄ ሲመልሱ በልጅነታቸው ጨው ጭነው አሊዩ አምባ ገበያ እስከ ወጡበት ቀን ይሄዳሉ። ሶስናም ቅጹ ቦታ ስለሌለው «ደህና ናቸው» ብላ ትጽፋለች። ጤና ጣቢያ የታዘዘላቸውን ክኒን በየወሩ ታመጣላቸዋለች፤ ግፊታቸውም አራት ወር ከሁሉ በላይ ሆኖ ቆየና መጠኑ ሲጨመርላቸው መቶ ሠላሳ በሰማንያ ገባ።

የሶስናን ደስታ ብታዩ! «ጋሽ አሊዪ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዛሬ ከወንበሩ ተመረቁ!» ብላ ሠላሳውን ሰው አስጨበጨበች። ጋሽ አሊዪ «አልሀምዱሊላህ» አሉና ቀስ ብለው ተነሥተው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቁጥራቸውን በትልቁ የጻፈችበትን ወረቀት አስይዛ ፎቶ አነሣቻቸው። ፎቶው አሁንም ስልኳ ላይ አለ። ያኔ ያየችው ወረቀቱን ነበር፤ ዛሬ ስታየው የሚታያት የሽማግሌው ፊት ነው። እዘኑልኝ የሚል ፊት ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ አብዱረዛቅ በወንበሯ ተቀመጡ። ጋሽ አሊዪ ተለኩ፤ «ጎበዝ! ቀጣይ!» ተባሉ። ከዚያም በሚቀጥለው እንዲሁ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ሐሙስ ሳይመጡ ቀሩ። ሶስና መቅረታቸውን አላየችም፤ ተሞክሮ እየጻፈች ነበር።

ተሞክሮ የምትባለውን ነገር የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃታል። አንድ ቦታ ጥሩ ሥራ ከተገኘ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ ሌላው መጥቶ እንዲማርበት ይደረጋል። ከወረዳ የመጣው አስተባባሪ ሙሉቀን የሶስናን ወንበር አይቶ «ይቺማ ትቀመራለች!» አለ። ሶስና ሌላ ሥራ ሁሉ ቀርቶባት ርዕስ ፈለገች። «የወንበር ቅደም ተከተልን በመጠቀም የአረጋውያንን የደም ግፊት ክትትል ውጤታማ ማድረግ።» ርዕሱን ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ለእናቷ በስልክ አነበበችላቸው። እናቷ «የምን ወንበር ነው ልጄ?» አሉ።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። ከየቀበሌው ዘጠኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጡ፤ ሙሉቀንም ካሜራ ይዞ መጣ። ሶስና ነጭ ጋዋኗን በስታርች አድርቃ ተኩሳ ለብሳለች፤ ክንዷ አልታጠፍ ብሏት እንደ ቆመ ሰው ነው የምትቀመጠው። ተናገረች፣ አብራራች። በመጨረሻ «አሁን ደግሞ የሥራችንን ፍሬ በዓይናችሁ ታያላችሁ» ብላ ጋሽ አሊዪን ጠራች። ጋሽ አሊዪ ከሰው ሁሉ ኋላ አርፍደው ነበር የደረሱት፤ ግንባራቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ። ሶስና ይህን አየች። አይታ «ደክሟቸዋል፣ መንገዱ ፀሐይ ነው» አለች ለእንግዶቹ። እንዴት አደሩ ግን አላለቻቸውም።

መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመች። ቁጥሩ ሳይወጣ ገና «መቶ ሠላሳ በሰማንያ ነው የሚሆነው፣ ጻፉ» አለች። ዘጠኙም ጻፉ። መለኪያው ተነፋ፣ ተነፈሰ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በመቶ ሃያ አራት አለ።

«ባትሪው ነው» አለች ሶስና።

ከጤና ኬላው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ተነቅሎ መጣ። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ላብ በጀርባዋ ወረደ፤ ስታርቹ መሟሟት ጀመረ። «ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ቆይ በራሴ ላሳያችሁ» አለችና የራሷን ክንድ ለካች። መቶ ስድሳ በመቶ! «ይኸው! ይኸው አላልኳችሁም! እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ምኔንም አያመኝም፤ ማሽኑ አብዷል!» አለች በደስታ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሩሐማ የምትባል ዝምተኛ ልጅ፣ ከቦርሳዋ በእጅ የሚነፋውንና በጆሮ የሚደመጠውን መለኪያ አወጣች። ጋሽ አሊዪን ለካች። ሶስናን ለካች። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ያለውን ነቅላ «ማሽኑ ደህና ነው እኅቴ» አለች።

መጀመሪያ የተነሡት ጋሽ አብዱረዛቅ ናቸው። ከወንበሯ ተነሥተው፣ መቀመጫዋን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው «ደንብ ደንብ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት የገባ ሰው ይቀመጥባት» አሉ። ጋሽ አሊዪ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ጋሽ አሊዪ፣ ክኒኑን እየዋጡ አይደለም እንዴ?» አለች ሶስና።

«ትቼዋለሁ። ወር አለፈው።»

«ለምን? ተሽሎዎት አልነበር እንዴ?»

ጋሽ አሊዪ ዓይናቸውን ገለጡ። «እሱ ነዋ። ሲሻለኝ ተውሽኝ።»

ሶስና ዞራ አግዳሚውን አየች።

«ሲያመኝ እዚህ አጠገቤ ትቀመጪ ነበር» አሉ። «እንዴት አደሩ፣ ምን በሉ፣ ማን አብሮዎት አለ ትይኝ ነበር። ዓሊያ ከሞተች ወዲህ ያን የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። ኑርሃን አዳማ ናት፤ በወር አንዴ ትደውላለች። ከዚያ ተሻለኝ፤ ጎበዝ፣ ቀጣይ አልሽኝ። ወላሂ እኔ በሰባ አራት ዓመቴ ጎበዝ መባል ምን ያደርግልኛል? በመድኃኒት የወረደው ያለ መድኃኒት ይወጣል ብዬ ተውኩት። ይኸው ወጣ።»

ሙሉቀን ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሶስና ውሃ አመጣችላቸው። ጋሽ አሊዪ ኩባያውን በግራ እጃቸው ሊይዙ ሲሞክሩ ጣቶቻቸው አልያዝ አሏቸው፤ ኩባያው ወደቀና ውሃው ሽርጣቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛ ሞከሩ፤ እጁ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ሶስና ተሞክሮውንም፣ እንግዳውንም፣ ጋዋኑንም ረሳችና «ሀሩን! ባጃጅ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ እስከ ሸዋሮቢት ያለው መንገድ በሕይወቷ ረጅሙ መንገድ ነው። ሀሩን ባጃጁን እንደ ጉድ ያበርራል። ጋሽ አሊዪ ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለዋል። ሶስና በልቧ እመቤቴን ትጠራለች፤ መለስ ብላ ደግሞ የሳቸውም አምላክ እንዳይቀር ብላ ያረቢ ትላለች። እሳቸው ከሞቱ የገደለቻቸው እሷ ናት፤ በወንበርና በጭብጨባ። ይህ ቁልጭ ብሎ ታያት። ፈራች፤ እጅግ አድርጋ ፈራች። ዓይናቸው ሲከደን ስታይ «ጋሽ አሊዪ አይተኙ! ያናግሩኝ!» አለቻቸው።

«ምን ላናግርሽ» አሉ፤ ምላሳቸው ከበድ ብሏል። «አንቺ ጠይቂኝ እንጂ። ጥያቄ ነበረሽ።»

ቅጹ ጤና ኬላው ቀርቷል። ሶስና አሥራ አራቱን ጥያቄ በቃሏ ጠየቀች፤ እንባዋ በአገጯ እየወረደ።

«እንዴት አደሩ?»

«በመጥፎ አደርኩ።»

«እንቅልፍ አለ?»

«የለም።»

«ምን በሉ?»

«የትናንት ቂጣ።»

«ሐሳብ ይዞዎታል?»

«አሁን ቀለል ብሎኛል።»

«ማን አብሮዎት አለ?»

«ዛሬ? አንቺ አለሽ» አሉ።

አላህ ይመስገን፣ ተረፉ። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ሐኪሙ ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ይወራ እንደነበር ለኑርሃን ነገራት። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ እንደ ልብ አይታዘዙም፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሶስና ያንን ቁልፍ በቆለፈች ቁጥር ቀና ብላ አታያቸውም።

የተሞክሮውን ነገርማ ውሃ በላው። በግምገማ ላይ ሙሉቀን «አሠራሩ አንዳንድ ክፍተቶች ተስተውለውበታል» ብሎ ሲያነብ የሳቀች ሶስና ብቻ ነበረች። «ክፍተት? ገደል በለው እንጂ» አለች። አሁን ወንበሯ ተራ በተራ ነው። በሽተኛውም ጤነኛውም ይቀመጥባታል፤ አሥራ አራቱም ጥያቄ ለሁሉም ይጠየቃል። ሐሙስ ጠዋት የነበረው ሥራ ሐሙስና ዓርብን ይወስዳል። ጋሽ አብዱረዛቅ ሩጫ አቆሙ፤ ግፊታቸው ለካ ድሮውንም ደህና ነበር። እትዬ ናፊሳ ጨውን እየማሉ ተዉ፤ እየማሉም ይበላሉ።

የሶስና የራሷ መቶ ስድሳስ? እሷ እንኳ ረስታው ነበር፤ መንደሩ ግን አልረሳም። ሦስት ቀን አስለኳት፤ ሦስቱንም ቀን አልወረደም። ጤና ጣቢያ ከጋሽ አሊዪ ጋር አንድ ዓይነት ክኒን ተጻፈላት። ለሰው ሁሉ ጨው ይቀንሱ፣ ይረፉ፣ መድኃኒትዎን አያቋርጡ ስትል የኖረች ሴትዮ! ሁለት ሳምንት ዋጠች። ከዚያ የክትባት ዘመቻ መጣ፣ ሪፖርት መጣ፤ ደግሞም ምኗንም አያማትም። ክኒኑ ከሹራቦቹ አጠገብ ሳጥን ውስጥ ገባ።

አንድ ሰኞ ማለዳ ሪፖርቷን ለመላክ ስትጣደፍ በሯ በዱላ ተንኳኳ። ስትከፍት ጋሽ አሊዪ ናቸው፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ አንዱ ዘሎ ተቆልፏል።

«እንዴት አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት አደሩ? በሰላም ነው በጠዋት?»

«ክኒንሽን ዋጥሽ?»

«ውጫለሁ ጋሽ አሊዪ» አለች ሶስና፤ ዓይኗ ወደ ሮቃው ዛፍ ሄደ።

ሽማግሌው በርጋታ ተመለከቷት። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እኔም ደህና ነኝ እያልኩ ስዋሽሽ የማየው ይህንኑ ዛፍ ነበር።»

ሶስና ሳቋ አመለጣት። ሳቀች፣ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሊሄድባት ሲል ዞር አለችና ሳጥኗን ከፈተች። ክኒኑን አወጣች፣ በውሃ ዋጠች። «አፍሽን ክፈቺ» አሏት። ከፈተች። ምላሷንም አስነሡና ሥሩን አዩ።

አሁን «ጎበዝ» ብለው ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሀሩንም አስፋልቱ ዳር እየጠበቃት ነው። ጋሽ አሊዪ ግን በርጩማውን በደህናው እጃቸው ስበው ተቀመጡና ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«በይ እንግዲህ» አሉ። «እንቅልፍ አለ?»